የሀሮ ስካውቶች የመጀመሪያው በጎ ሥራ

ሀሮ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ተክለጻድቅ
ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ከነቤተሰብዎ ደህና ነዎት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በጾም ወቅት ነው። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ልመልስ ወይስ ልተወው እያልኩ ቆየሁ። ስልክ ቁጥርዎንም አይቼዋለሁ፤ አልደውልም። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ግን በስልክ ሰው ቶሎ ይስማማል። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ አዝዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ያኔ የተማርኩትን አሁን ካልተጠቀምኩበት መቼ ልጠቀምበት ነው? የእጅ ጽሑፌን ይቻሉት።

የጠየቁኝን በየተራ እመልሳለሁ።

የሀሮ ስካውት የተጀመረው እርስዎ እንዳሉት በ1958 መስከረም ላይ ነው፤ ገብረሥላሴ የሚባለው መምህር ከሸዋ ተዛውሮ ከመጣ በኋላ። ልጆቹን የሚያሰልፈው ከገበያው በላይ፣ ቡና በሚሰጣበት ሜዳ ነበር። ቡና በተሰጣ ቀን ሰልፉ ወደ መንገድ ይወጣል፤ መኪና ሲመጣ ደግሞ ይበተናል። ካኪውን የሰፋው መስጊዱ አጠገብ የነበረው ልብስ ሰፊ ነው። ቁምጣውን ሁሉ በአንድ ልክ ስለሰፋው ትንንሾቹ በገመድ ያስሩት ነበር። ይህንን ከጻፉት ልጆቹ ይናደዱብዎታል፤ ግን እውነት ነው።

ብዙ ልጅ ጀምሮ ለምን ተወ ላሉት፣ በሰላምታው ምክንያት ነው። እናንተ ሦስት ጣት ታነሣላችሁ። የመምህሩ ስም ገብረሥላሴ ነው። ወላጅ ምን ይበል? የእኛ ሰው «ይሄማ ሥላሴ ነው፤ ልጆቻችንን ቀስ ብሎ ሊያጠምቅብን ነው» አለና ልጁን ከሰልፍ አወጣ። የአጎቴ ልጅ ኸይሩ ግን ፊሽካውን ስለወደደው አልወጣም ብሎ አለቀሰ። አባቱ ሲሰለቸው «እንግዲያው በአንድ ጣት ሰላም በል» አለው። ኸይሩ ከዚያ ወዲህ አመልካች ጣቱን ቀስሮ ይሰለፍ ነበር። መምህሩ አየው፤ ምንም አላለውም። ስለዚያ መምህር የማውቀው ጥሩ ነገር ይህ ነው፤ ይጻፉለት።

ሴቶች ነበሩ ወይ ላሉት፣ አልነበርንም። አጥር ላይ ተንጠልጥለን እናይ ነበር።

በላኩልኝ ፎቶ ላይ ከመምህሩ ቀኝ ዱላ ይዞ የቆመው ልጅ እርስዎ ነዎት? እኔ የማስታውሰው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ ወፍራም ነበር።

ስለ እናቴ የቡና መሬት የጠየቁትን ዛሬ አልመልስም። መጀመሪያ እርስዎ የጻፉትን ያሳዩኝ።

ሐጂራ


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሐጂራ
ሀሮ

እንደምን ሰነበቱ? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ልጆቼን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቁምጣው ላይ ስንደርስ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም በገመድ ካሰሩት አንዱ ነበርኩ፤ ወፍራም ብሆንም ቁምጣው ከእኔም ይሰፋ ነበር። በፎቶው ላይ ያለሁት እኔው ነኝ። ዛሬ ቢያዩኝ አያውቁኝም፤ ስኳሩ አክስቶኛል።

ኸይሩን ማስታወስዎ ደስ አሰኘኝ። የምድቡ መሪ እኔ ስለነበርኩ ከኋላዬ ይቆም ነበር። የጣቱን ምክንያት እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ለመናገር ፈቃድ የሚጠይቅ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ «ምን ፈለግህ?» ብዬዋለሁ!

የጠየቁኝ ገጽ ይኸውና፤ ስለ ሀሮ ስካውቶች በምጽፈው መጽሐፍ መግቢያ የሚገባ ነው።

«የሀሮ ስካውቶች የመጀመሪያ በጎ ሥራ የተፈጸመው በጥቅምት ወር 1958 ዓ.ም. ነው። ስካውት በጎ ሥራውን ሳይታይ ይሠራልና፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ምስኪን እናት ለቅሶ በሄደችበት ቀን ወደ ቡና መሬቷ ገቡ። ጫካ የዋጠውን መሬት መነጠሩላት፤ ፀሐይ የጋረዱትን ዛፎች ጣሉላት። እናት ተመልሳ ባየች ጊዜ በደስታ አለቀሰች። ልጆቹን አብልታ፣ እጇን ዘርግታ መረቀቻቸው።»

የእናትዎ ምርቃት ከልቤ ወጥቶ አያውቅም። «ጉደዳ፣ እደጉ» ነበር ያሉን። ልጆቼን በሠርጋቸው ቀን የመረቅኳቸው በዚያ ቃል ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ጅማ ላይ ስካውት እንደገና ተቋቁሟል። የምትመራው ሩፈይዳ የምትባል የበቾ ቦሬ ልጅ፣ አስተማሪ ናት። በመጪው ጥቅምት ስድሳኛውን ዓመት ለማክበር አስበናል። መጽሐፉ ለልጆቹ ይታደላል፤ ገጹ ይነበባል፤ ከዚያ ልጆቹ ገጀራ ይዘው የእናትዎን መሬት እንደ ጥንቱ ይመነጥሩልዎታል። ምንም ወጪ የለብዎትም። የሚያስፈልገን ፈቃድዎ ብቻ ነው።

እኔ እግሬ ከፈቀደ እመጣለሁ። ሐኪሙ ያለኝን ግን ለልጆቼም ስላልነገርኩ ለእርስዎም አልጽፍም።

አክባሪዎ
ተክለጻድቅ


ሀሮ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ተክለጻድቅ

ጤናዎን ይስጥዎት። ሐኪሙ ያለዎትን ለልጆችዎ ይንገሩ።

ገጹን አነበብኩት። እናቴ ስም አላት፤ ረሺዳ ትባላለች፣ አላህ ይዘንላት። ምስኪን አልነበረችም። በዚያ ጥቅምት ምስኪን አልነበረችም። በሚቀጥለው ጥቅምት ነበረች።

ጫካ የዋጠው መሬት ያሉት የቡና መሬት ነው። የእኛ ቡና የሚኖረው ጫካ ውስጥ ነው። ወፍ የበሰለውን ፍሬ ይበላና ዘሩን ከዛፍ ሥር ይጥለዋል፤ ይበቅላል። ወፍ ዘራሽ እንለዋለን። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ በየክረምቱ ወፍ ዘራሹን ከበዛበት እያነሣች ወደ ሳሳበት ታዛውር ነበር፤ በዝናብ፣ በእጇ። እናንተ በገባችሁበት ዓመት ወገቤን አልፎ ነበር። በዓመቱ ፍሬ ሊይዝ ነበር።

ቁጥቋጦ መስሏችሁ ከሥሩ ቆረጣችሁት። ፀሐይ የጋረደ ዛፍ ያላችሁት ለጥላ ተብሎ የተተወው ሰሳ ነው። ሲወድቅ ፍሬ የተሸከሙትን አሮጌዎቹን ግንዶች ሰብሮ ወደቀ። ከዚያ የተረፈውን የበጋ ፀሐይ ጨረሰው።

እንዴት ከዚያ ሁሉ ልጅ አንድ የሚያውቅ ጠፋ ብዬ ብዙ ዘመን አስቤበታለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥቅምት ነው፤ የቡና ሰው ልጅ ሁሉ ለቀማ ላይ ነው፤ ኸይሩም ከአባቱ ጋር ነበር። ያን ቀን የመጣችሁት ቤታችሁ ቡና የሌላችሁ ናችሁ፤ የጸሐፊው ልጅ፣ የፖሊሱ ልጅ፣ የፖስታ ቤቱ ልጅ። መምህራችሁም ስንዴ አገር ያደገ ነው፤ ለስንዴ ጥላ አይሆነውም። አንድ ሰው ብትጠይቁ ይነግራችሁ ነበር። ግን በጎ ሥራ ሳይታይ ነው አላችሁ።

በደስታ አላለቀሰችም።

የታችኛውን ግማሽ በሁለተኛው ዓመት ለነጋዴ ለቀቀች። ያው መምህር ራሱ እናቴን «ሐጂራን አምጪያት፣ አስተምራታለሁ» ብሏት ነበር። ደብተር ተገዝቶልኝ ነበር። አልሄድኩም። የሰው ቡና ስለቅም አደግሁ። ከዚያ ተዳርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ለምን ልጅ አዝዬ እንደሆነ ከገረመዎት፣ እንዲህ ነው።

ፈቃዴን ጠይቀዋል። አልሰጥም። ገጹ እንዲህ ከታተመ ልጆች ያነቡታል፤ ያነበቡትንም ያደርጉታል። የቀረኝ ግማሹ መሬት ነው።

ሐጂራ


ሀሮ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ተክለጻድቅ

መልስ አልሰጡኝም። ታመው ከሆነ አላህ ይማርዎት። ተቀይመው ከሆነ ይቀየሙ።

ይህንን የምጽፈው ሩፈይዳ ስለመጣች ነው። እርስዎ ላኳት ወይስ በራሷ መጣች፣ አልነገረችኝም። ቦት ጫማ አድርጋ፣ ትልቅ ቦርሳ አዝላ በጭቃው ውስጥ መጣች። ቁጭ ሳትል ጀመረች።

«አዴ ሐጂራ፣ እኛ እኮ ሰርፕራይዝ ልናደርግዎት ነበር» አለች።

«አንድ ጊዜ ሰርፕራይዝ ተደርገናል» አልኳት።

ነገሩን ከእርስዎ አልሰማችም። ነገርኳት። እንዳታለቅስብኝ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሰችም። «መሬቱን ያሳዩኝ» አለች። ወሰድኳት። ዘንድሮ ወፍ ዘራሹ በጣም በዝቷል፤ መርገጫ የለም። ወደ ኋላ ዞር ስል ቦት ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን እየተራመደች ነው፤ በየችግኙ መሀል፣ ቀስ ብላ።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«አያቴ ጌራ ውስጥ ቡና አላት። አንዱን ብረግጥ እግሬን ነበር የምትለኝ።»

ደግ አያት ናት።

ልጆቿ ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀች። «ማሎ አዴ! የእኔ ልጆች? ግማሾቹ ቡና የሚያውቁት በስኒ ነው። ገጀራ ሰጥቼ ባመጣቸው እርስዎንም ይመነጥሩዎት ነበር።» ሴቶች አሉበት ወይ አልኳት። ከወንዶቹ ይበልጣሉ አለች። አጥር ላይ የሚንጠለጠል የለም ማለት ነው።

ከዚያ ስንከራከር ዋልን። በዓሉ ጥቅምት ነው፣ ተጋባዥ አለ፣ ባነር ታዟል ትለኛለች። ችግኝ የሚዛወረው ሐምሌ ነው፣ በዓላችሁን ወደ ዝናቡ አምጡት እላታለሁ። «ያለ ገጀራ ምን ይሠራሉ?» አለች። «እጅ የላቸውም?» አልኳት። ከዚያ «የባነሩን ማን ይከፍላል?» አለች፤ ግን ለራሷ ነው።

እንግዲህ ቃሌ ይኸው ነው። በሐምሌ ይምጡ። ብረት ይዘው አይምጡ። ወፍ ዘራሹን ከበዛበት አንሥተው ወደ ሳሳበት ያዛውሩ፤ እናቴ ታደርግ እንደነበረው። ግን መጀመሪያ ገጹ ይለወጥ። ገጹ ካልተለወጠ ሐምሌም የለም።

ሐጂራ


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሐጂራ

እንደምን አሉ? ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አልታመምኩም፤ አልተቀየምኩምም። ደብዳቤዎን ለልጆቼ ሳላነብ ኪሴ ከትቼው ሰነበትኩ። ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ስኳር ነው አልኳቸው።

ያን ቀን በሕይወቴ ብዙ ቦታ አውርቼዋለሁ። ጡረታ ስወጣ በመሥሪያ ቤቴ ሽኝት ላይ ሳይቀር ተናግሬዋለሁ። ሰሳው ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ጨፍረን ነበር። መጥረቢያውን በተራ ነበር የያዝነው።

ጋሽ ገብረሥላሴ በሕይወት የሉም፤ ስለ ራሳቸው ሊናገሩ አይችሉም። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ብቻ ልበል።

ገጹን እንደገና ጽፌ ልኬዋለሁ። ይዩትና ያርሙት። ለሩፈይዳም በሐምሌ እንዲሆን ነግሬያታለሁ፤ ከእኔ በፊት ወስናለች።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ለመጽሐፉ አይደለም። ሊመልሱልኝ ካልፈለጉ ወረቀቱን ይቅደዱት፤ አልቀየምም።

ተክለጻድቅ


ሀሮ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ተክለጻድቅ

ገጹ ደርሶኛል። የእናቴ ስም በትክክል ተጽፏል። ምስኪን የሚለው ወጥቷል። ደህና።

«በስህተት ጉዳት ደረሰ» ያሉት ግን ይለወጥ። ጉዳት በራሱ እግር አልመጣም። «ቆረጥን፣ ጣልን» ይበሉ። ልጆቹ ማን እንዳደረገው ይወቁ። «መምህሩ ለበጎ አስበው ነበር» ያሉት ይቆይ። እኔም ክፉ ነበር አላልኩም፤ አልጠየቀም ነው ያልኩት።

ወረቀቱን አልቀደድኩትም።

ምርቃቱ ለይስሙላ አልነበረም። እርግጠኛ ነኝ፤ እጇን ይዤ ቆሜ ነበር። ከለቅሶ ስንመለስ እናንተ ተሰልፋችሁ ቆማችኋል። መዳፋችሁ ደምቷል። መምህሩ ፊሽካ ነፋ፤ ሦስት ጣታችሁን አነሣችሁ። እናቴ ከእናንተ በላይ አሻግራ መሬቱን ታያለች። እንባዋ ወረደ። መምህሩ «አይዞዎት እናቴ፣ ክፍያ አንፈልግም» አላት። «ክፍያ» አላት።

በእኛ ዘንድ መሬትሽ ላይ ገብቶ ያላበውን ሰው ሳታበይና ሳትመርቂ አትሸኚም። በደቦ የመጣ ሰው የሚሸኘው እንዲህ ነው። ገብታ ቂጣ ጋገረች፤ እርጎ አወጣች። ለክረምት ያስቀመጠችው ቅቤ ነበር፤ እሱንም አወጣች። በላችሁ። ከዚያ መረቀች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ከሄዳችሁ በኋላ ለምን መረቅሻቸው አልኳት። «ኢጆሌ ናቸው» አለች፣ ልጆች ናቸው ማለቷ ነው። «የደከሙት ለእኔ ብለው ነው። ረግሜ ልስደዳቸው?»

«እኔስ?» አልኳት።

አልመለሰችልኝም። እስክትሞትም አልመለሰችልኝም።

ስለዚህ ልጆችዎን የመረቁበት ቃል ውሸት አይደለም፤ አይጨነቁ። የእርስዎ ነው። እኔ ግን እናቴን ለዚያ ምርቃት ይቅር ብያት አላውቅም። ለልጅ የሚሆን ደግነት ያኔ ሁሉም ለእናንተ ወጣ፤ ለእኔ የቀረው ለቀማ ነው። ይህንን ለማንም ጽፌ አላውቅም። እርስዎም በሌላ ወረቀት ስለጠየቁኝ ነው። መጽሐፉ ውስጥ እንዳያገቡት።

ሐጂራ


ሀሮ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ተክለጻድቅ

ጤና ይስጥልኝ። መምጣት ባለመቻልዎ አዝነዋል ብላ ሩፈይዳ ነገረችኝ። ሐኪሙ ያለዎትን ለልጆችዎ መንገርዎንም ነገረችኝ፤ ጥሩ አድርገዋል።

እንዴት ሆነ ብለዋል። እነሆ።

ልጆቹ በአይሱዙ መጡ። ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ አልቆመም ነበር፤ ለሥራው ጥሩ ነው። አንዱ ቢላዋ ካልሲው ውስጥ ደብቆ ነበር። ሩፈይዳ አገኘችበትና መኪናው ውስጥ አስቀመጠችው፤ ቢላዋውን ሳይሆን ልጁን። ኋላ እኔ አስወጣሁት።

ገጹን አንዲት ቀጭን ልጅ አነበበችው። ድምፅዋ ለመጮህ የተፈጠረ ነው። «ቆረጥን፣ ጣልን» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀጥይ አልኳት። ከዚያ የኸይሩን ጣት ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ። ከእንግዲህ ሰላምታቸው በአንድ ጣት እንዲሆን ሩፈይዳን ሲለምኗት ነበር። ይህንን ያስከተሉት እርስዎ ነዎት።

አንዱን ችግኝ ከነአፈሩ እንዴት እንደሚያነሡት አሳየኋቸው። የመጀመሪያዎቹን ሰበሩ። ሌላ ሰጠኋቸው። በኋላ እጃቸው ለመደ። አንዱ ከአፈሩ ላይ ቀና ብሎ «እማማ፣ ይሄ ማኪያቶ የሚሆነው መቼ ነው?» አለኝ። ጓደኞቹ «አፍህን ዝጋ» አሉት። ጥያቄው ግን ትክክል ነው፤ ቢያንስ ጠየቀ።

እስከ አሥር ሰዓት ሠሩ። ሰሳው ከነበረበት በላይ ያለው ባዶ ቦታ ተሞልቷል። ከማን ጋር እንደተማከሩ አላውቅም፣ አንዱን ችግኝ የእርስዎ ነው ብለው ተክለዋል። ቦታውን ራሳቸው መረጡት፤ ጥላው ሳሳ ያለ ነው። እስኪጠና ድረስ በኮባ ቅጠል ጋርጄለታለሁ።

ቂጣ ጋግሬ አበላኋቸው። እርጎም ነበር።

ከዚያ ጭቃቸውን እንደተቀቡ ተሰለፉ። ሩፈይዳ «አዴ፣ እንግዲህ ይመርቁልን» አለች። እርስዎም በእሷ ስልክ ምን ብለው መረቋቸው ብለው መጠየቅዎን ነግራኛለች።

አልመረቅኳቸውም።

«ይሄ ፍሬ ሲይዝ ኑ፣ ያኔ እመርቃችኋለሁ» አልኳቸው። ያቺ ያነበበችው ልጅ «ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለች። አራት፣ ምናልባት አምስት አልኳት። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያኔ ግማሾቹ ዩኒቨርሲቲ ይሆናሉ፤ ይረሱት ይሆናል። የማይረሳ ካለ ይመጣል፤ የተከለው ይዞለት እንደሆነ ያያል። ካልያዘም መጥቶ ያያል። እናቴ እናንተን መርቃ ከሸኘቻችሁ በኋላ ማናችሁም አልተመለሳችሁም። ደግ ስለነበረች የምትመለሱበት ምክንያት አልነበራችሁም።

ያኔ በሕይወት ካለሁ እመርቃቸዋለሁ። ከሌለሁ እርስዎ በእኔ ፈንታ እንዳይመርቁልኝ። በእናቴ ቃልም ቢሆን።

ሐጂራ